ከቄራው ጉበት እስከ አንቲጂኑ፦ የጉበት ትል ምርመራ ታሪክ ከምዕራብ ሸዋ ሲታይ

ከሆለታ ተነሥቶ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር በኩል ወደ ባኮ የሚያመራው መንገድ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ይጀምርና ባኮ ሲደርስ ወደ 1,650 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋው አገር በክረምት ውኃ የሚቋጥር መረሬ አፈር፣ በጋው እስኪገፋ የማይደርቅ ጨፌና በየወንዙ ዳር ለግጦሽ የተተወ መስክ የሞላበት በመሆኑ፣ ለከብትና ለበግ እርባታ የተመቸውን ያህል በእንስሳቱ ጉበት ውስጥ ለሚኖረው ጠፍጣፋ ትልም የተመቸ ነው። ይህ ትል በሳይንሳዊ ስሙ ፋሲዮላ የሚባል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሁለት ዝርያዎቹ ይገኛሉ፤ አንደኛው በደጋው የሚበዛውና እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው ፋሲዮላ ሄፓቲካ፣ ሁለተኛው በቆላው የሚበዛውና ከ7 ሳንቲ ሜትር ሊያልፍ የሚችለው ፋሲዮላ ጂጋንቲካ ነው።

ገበሬው ይህን በሽታ የሚያውቀው በእንስሳው መክሳት፣ በጠጉሩ መንጨብረርና ከመንጋጋው በታች በሚቋጥረው እብጠት ነው፤ የሥጋ መርማሪው የሚያውቀው ቢላዋው የታረደውን ከብት ጉበት ሲሰነጥቅ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሙ የሚያውቀው በእበት ውስጥ የትሉን እንቁላል በማይክሮስኮፕ ሲያይ ነው፤ የላቦራቶሪ ተመራማሪው ደግሞ በአንቲጂን፣ ማለትም ትሉ በሚይዛቸውና በሚያመነጫቸው፣ የእንስሳው አካልም እንግዳ መሆናቸውን ለይቶ መከላከያ በሚያዘጋጅባቸው ሞለኪውሎች አማካይነት ነው። እነዚህ አራት የማወቂያ መንገዶች የተገኙት በተለያየ ዘመንና በተለያየ ምክንያት ሲሆን፣ በምዕራብ ሸዋ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዛሬም ጎን ለጎን ሲሠራባቸው አራተኛው ግን ገና ቦታውን አልያዘም። ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» የተባሉት ዓመታት በአውሮፓውያን፣ «ዓ.ም.» የተባሉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ትሉ፣ ቀንድ አውጣውና ሣሩ (እ.ኤ.አ. 1379–1892)

የጉበት ትልን በጽሑፍ ከጠቀሱት ቀደምት ሰዎች አንዱ የበግ እርባታ አዋቂ የነበረው ፈረንሳዊው ዣን ደ ብሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1379 በጻፈው የእረኝነት መጽሐፍ የበጎች ጉበት በትል እንደሚበላሽ ገልጾ፣ ምክንያቱን በጎቹ በረግረግ ከሚበሉት ሣር ጋር አያያዘው። መንስኤው ሣሩ ራሱ አለመሆኑ የታወቀው ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ቢሆንም፣ አደጋው ከረግረግ ሣር ጋር እንደሚገባ የተረዳ በመሆኑ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1758 ስዊድናዊው ሊኒየስ ትሉን ፋሲዮላ ሄፓቲካ ብሎ ሰየመው፤ የቆላው ዝርያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1855 በእንግሊዛዊው ኮቦልድ ተለይቶ ስም አገኘ። ስያሜ ግን ትሉ ከአንዱ በግ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሻገር አላስረዳም።

የዕውቀቱ በር የተከፈተው በጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 እና በ1880 በእንግሊዝ አገር ሦስት ሚሊዮን ያህል በጎች በጉበት ትል በማለቃቸው፣ የአገሪቱ ንጉሣዊ የእርሻ ማኅበር ለምርምር የሚሆን ገንዘብ መደበ፤ ሥራውም የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ለነበረው የኦክስፎርድ መምህር ለኤ. ፒ. ቶማስ ተሰጠ። ቶማስ ትሉ ከበግ ወጥቶ ወደ በግ እስኪመለስ ድረስ የሚያድርበት ሌላ እንስሳ መኖር እንዳለበት ቢገምትም፣ የሚጠረጥራትን ጥቃቅን ቀንድ አውጣ በበቂ ቁጥር ሊያገኝ ባለመቻሉ ሥራው ተጓተተ፤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1882 የቴምዝ ወንዝ ሞልቶ በመስኩ ላይ ሲፈስ በርካታ ቀንድ አውጣዎችን ስላወጣለት ሙከራውን ለመፈጸም ቻለ። በዚያው ሰሞን በጀርመን አገር በላይፕዚግ ይሠራ የነበረው ሩዶልፍ ሎይካርት ለብቻው ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደረሰ፤ የመጨረሻዋን ቀለበት፣ ማለትም እንስሳው የሚያዘው በሣር ላይ የተጣበቀውን እጭ ሲበላ መሆኑን፣ አዶልፎ ሉትስ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ በሃዋይ ደሴቶች አረጋገጠ።

እነዚህ ሰዎች በየበኩላቸው የገጣጠሙት የሕይወት ዑደት እንደሚከተለው ነው። በጉበቱ የሐሞት ቧንቧ ውስጥ የሚኖረው ትል በቀን በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉ ከእበት ጋር ወጥቶ እርጥብ ቦታ ሲያርፍ ይፈለፈልና እጩ ወደ ቀንድ አውጣ ሰውነት ይገባል፤ እዚያ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከተባዛ በኋላ ወጥቶ በሣር ላይ ሽፋን ሠርቶ ይጠብቃል። እንስሳው ሣሩን ሲግጥ እጩ አንጀቱን በስቶ ወደ ሆድ ዕቃው ከዚያም ወደ ጉበቱ ይዘልቃል፤ የጉበቱን ሥጋ እየበላ ለሳምንታት ከተጓዘ በኋላ በሐሞት ቧንቧው ይረጋል። ለምርመራው ታሪክ ከሁሉም በላይ ወሳኝ የሆነው በዚህ ዑደት ውስጥ ያለ አንድ ክፍተት ነው፤ ይኸውም ትሉ ከተዋጠበት ቀን አንሥቶ የመጀመሪያው እንቁላል በእበት እስኪታይ ድረስ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት፣ በቆላው ዝርያ ደግሞ ከዚያም በላይ የሚፈጅ መሆኑ ነው። ጉበቱ ክፉኛ የሚቆስለው በእነዚህ ሳምንታት ሲሆን፣ በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያየው አንዳችም ምልክት የለም።

በደስታ በሽታ ጥላ ሥር (1880–1956 ዓ.ም.)

አውሮፓውያን የትሉን ዑደት ባወቁበት በዚያው አሥርት ዓመት ኢትዮጵያ በታሪኳ ከደረሱባት የእንስሳት ዕልቂቶች ሁሉ የከፋው ወረደባት። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ የአገሪቱን የቀንድ ከብት አብዛኛውን ጨርሶ፣ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰውን ረኃብ አስከተለ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ስለ እንስሳት ሕክምና ሲያስብ በቅድሚያ የሚታሰበው እንዲህ ያለው፣ በአንድ ሰሞን መንጋ የሚያጠፋ ወረርሽኝ ሆነ፤ ወደ ኋላም የተሠማሩት ሐኪሞች ትኩረት በደስታ በሽታ፣ በሳንባ በሽታ፣ በአባ ሰንጋና በመሳሰሉት ላይ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በደብረ ዘይት የተቋቋመው የክትባት ማምረቻ ተቋምም ከዚሁ ፍላጎት የተወለደ ነው።

የጉበት ትል በዚህ ሰልፍ ውስጥ ቦታ ያጣው ጉዳቱ ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ ጉዳቱ በዝግታ የሚደርስ በመሆኑ ነው። ላሟ ወተቷ ይቀንሳል፣ መውለጃዋ ይዘገያል፣ በሬው እርሻ ላይ ቶሎ ይደክማል፤ ገበሬው ግን ይህን ሁሉ በበጋው የመኖ እጥረት ያመካኛል። ከዚህ በተጨማሪ የደብረ ዘይቱ ዓይነት ተቋም ለዚህ በሽታ የሚሰጠው መልስ አልነበረውም፤ ምክንያቱም የወረርሽኝ ክትባት የሚሠራው ተሕዋሲውን በላቦራቶሪ አባዝቶና አዳክሞ ሲሆን፣ በቀንድ አውጣና እንደ በግ ባለ እንስሳ አካል ካልሆነ በቀር ሙሉ ዑደቱን የማይፈጽም ባለ ብዙ ሕዋስ ትል በዚህ መንገድ ሊባዛ አይችልም። ስለዚህ ትሉን በክትባት ለመግታት የሚፈልግ ሰው ከትሉ አካል ውስጥ የትኛው ሞለኪውል የእንስሳውን መከላከያ እንደሚቀሰቅስ አስቀድሞ መለየት ይኖርበታል። የአንቲጂን ፍለጋ የተጀመረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቀንድ አውጣውን ፍለጋ (1956–1977 ዓ.ም.)

በኢትዮጵያ የጉበት ትል ጥናት የተጀመረው ከትሉ ሳይሆን ከቀንድ አውጣው ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ባጠቡበት እንዶድ ምክንያት ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን አስተውሎ የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎችን በእንዶድ የመዋጋት ምርምር ጀመረ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዴቪድ ብራውን የኢትዮጵያን የንጹሕ ውኃ ቀንድ አውጣዎች ዘርዝሮ አሳተመ። በዚህ ሥራ የሁለቱም የጉበት ትል ዝርያዎች አስተላላፊዎች፣ ማለትም የደጋዋ ጋልባ ትሩንካቱላና የቆላዋ ራዲክስ ናታለንሲስ፣ በአገሪቱ ስለ መኖራቸው የተረጋገጠ መረጃ ተገኘ። የእንዶዱ ተስፋ ወደ ጉበት ትል በቀላሉ ያልተሻገረበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው፤ ጋልባ ትሩንካቱላ በወንዝና በኩሬ ተወስና የምትኖር ሳትሆን በጭቃ ላይ፣ በከብት ኮቴ ጉድጓድና በጨፌ ጠርዝ ተበታትና የምትገኝ በመሆኗ፣ መድኃኒት በአንድ ቦታ ጨምሮ እሷን ማጥፋት አይቻልም።

በ1958 ዓ.ም. የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ሆለታ ከዋና ማዕከሎቹ አንዷ ሆነች፤ ቀድሞ በምዕራብ ሸዋ አስተዳደር ሥር በነበረችው በዚች ከተማና በባኮ በ1960ዎቹ ዓ.ም. የአገር ውስጥ ላሞችን ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ጋር የማዳቀል ሥራ ተጀመረ። ማዳቀሉ የወተቱን መጠን ሲጨምር እያንዳንዷ ላም ስትታመም የሚደርሰውን ኪሳራ አብሮ ስለሚያሳድግ፣ ቀድሞ ችላ የተባሉ በሽታዎች ዋጋ መታየት ጀመረ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ስኮትና ጎል የተባሉ ተመራማሪዎች በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ በበጎች ላይ ባደረጉት ክትትል በሽታው በየትኛው ወቅት እንደሚይዝና መድኃኒት መቼ መሰጠት እንዳለበት አሳዩ፤ ፈረንሳዊው ግራበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በአገሪቱ የቤትና የዱር እንስሳት ውስጥ የሚገኙትን ጥገኛ ትሎች በሰፊው መዘገበ።

እ.ኤ.አ. በ1979 በደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ መከፈቱ ከሁሉም የበለጠ ለውጥ ያመጣ ይመስላል። ከዚያ በፊት ጥናቱ የውጭ ባለሙያዎች ሥራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የአገሪቱ ወጣት ሐኪሞች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በየትውልድ አካባቢያቸውና በየተመደቡበት ቄራ ይሠሩ ጀመር። ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነው ይልማ ጆብሬ እ.ኤ.አ. በ1985 የዶክትሬት ማሟያ ጥናቱን በሆለታ በጎች ጉበት ትልና ሌሎች ጥገኛ ትሎች ላይ አደረገ። የዚህ ዘመን ጥናቶች ሁሉ መሣሪያ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንደኛው ጉበት መሰንጠቅ፣ ሁለተኛው እበትን በውኃ በጥብጦ በማዝቀጥ ከባዱን የትል እንቁላል ከሥሩ ለቅሞ በማይክሮስኮፕ ማየት። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ዘግይተው ይደርሳሉ።

የትሉ ሽፋንና የትሉ ኢንዛይም (እ.ኤ.አ. 1971–1996)

በደብረ ዘይትና በሆለታ እንቁላል በሚቆጠርበት በዚያው ጊዜ፣ በሌላው ዓለም ጥያቄው መልኩን እየለወጠ ነበር። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ሙሉ ትል ፈጭተው ጭማቂውን ከታመመ እንስሳ ደም ጋር በማገናኘት በደሙ ውስጥ አንቲቦዲ መኖሩን ለማወቅ የሞከሩ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ አንቲቦዲ የሚባለው የእንስሳው አካል አንድን አንቲጂን ለይቶ እንዲይዝለት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። የዚህ ዓይነቱ ምርመራ ዋና ችግር የተፈጨው ትል በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞለኪውሎችን የያዘ መሆኑ፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሌሎች ትሎች አካል ውስጥ የሚገኙ በመሆናቸው የጉበት ትል የሌለበት እንስሳ እንደታመመ ተደርጎ መቆጠሩ ነበር። ይህ ችግር ለኢትዮጵያ ከብት የተለየ ክብደት አለው፤ በአንድ ላም ሆድ ውስጥ የጉበት ትል፣ የጨጓራ ጠፍጣፋ ትልና በአንዳንድ ቆላማ ቦታ የከብት ቢልሃርዝያ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ሁሉንም የሚመስል አንቲጂን አንዱንም አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ1971 በስዊድንና በኔዘርላንድስ በተናጠል የተፈለሰፈው ኤላይዛ የተባለው ዘዴ መንገዱን ጠረገ። በዚህ ዘዴ አንቲጂኑ በፕላስቲክ ሳህን ጉድጓዶች ላይ ይለጠፋል፤ የእንስሳው ደም ሲጨመርበት አንቲቦዲው ካለ ይጣበቃል፤ መጣበቁም በቀለም ለውጥ ይታያል። ትንሽ ደም ብቻ የሚፈልግና በአንድ ቀን መቶዎችን የሚመረምር በመሆኑ፣ በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ለከብት የጉበት ትል ምርመራ ዋለ። ከእሱ ጎን ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ኃይል እንደየክብደታቸው በጄል ላይ የሚደረድረው ዘዴ፣ ከዚያም የተደረደሩትን ወደ ሽፋን አሻግሮ የትኛው ከታመመ እንስሳ አንቲቦዲ ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳየው ዘዴ ተጨመሩ። ከዚህ በኋላ «ትሉ አንቲጂን አለው» ማለት በቂ መሆኑ ቀርቶ፣ የትኛው ነው፣ ክብደቱ ስንት ነው፣ ሥራው ምንድን ነው ተብሎ ይጠየቅ ጀመር።

መልሱ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። በሰሜን አየርላንድ ይሠራ የነበረው ሃና እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ጥናት፣ ወጣቱ ትል አካሉን የሚሸፍነውን ስስ የስኳርና የፕሮቲን ልባስ ሳያቋርጥ እየጣለ በአዲስ እንደሚተካ አሳየ፤ ትሉ አንቲቦዲ በተጣበቀበት ቁጥር ልብሱን ጥሎ ከያዘው እጅ እንደሚያመልጥ ሰው የተጣበቀበትን ከነልባሱ ትቶ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ ግኝት በትሉ ገላ ላይ ያሉ አንቲጂኖች ለምን በቂ መከላከያ እንደማያስገኙ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ቻፕማንና ሚቸል ትሉ ከአካሉ በሚያመነጨው ኢንዛይም የእንስሳውን አንቲቦዲ እንደሚቆራርጥ ደረሱበት። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ፊታቸውን ከትሉ አካል ወደሚያመነጨው ነገር አዞሩ፤ ከታረደ እንስሳ ጉበት በሕይወት የተለቀመን ትል አጥበው ለብ ባለ ንጥረ ምግብ ውስጥ ለሰዓታት በማቆየት የለቀቀውን ፈሳሽ ሰበሰቡ።

እ.ኤ.አ. በ1989 በደብሊን ዳልተንና ሄፈርናን በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ያሉትን ኢንዛይሞች ለዩ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ከመካከላቸው ዋነኛው ካቴፕሲን ኤል መሆኑ ታወቀ። የዚህ ዘመን ትልቁ ግኝት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካቴፕሲን ኤል ትሉ የጉበቱን ሥጋ እየቆረጠ የሚያልፍበት፣ የጠጣውን ደም የሚፈጭበትና የእንስሳውን አንቲቦዲ የሚበጥስበት መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ ትሉ ያለ እሱ መኖር አይችልም፣ በብዛትም ይለቀዋል፤ እንስሳውም ለእሱ አንቲቦዲ ማምረት የሚጀምረው በተያዘ በሁለትና በአራት ሳምንታት መካከል፣ ማለትም የመጀመሪያው እንቁላል ከመታየቱ ብዙ ቀድሞ ነው። ከቶማስ ጊዜ ጀምሮ ሐኪሞችን ያሳወረው ክፍተት በዚህ ተሞላ። በፖርቶ ሪኮ ደግሞ ጆርጅ ሂልየርና ባልደረቦቹ ትሉ ስብን የሚያጓጉዝበትን አነስተኛ ፕሮቲን ለይተው፣ ከቢልሃርዝያ ትል ጋር የሚጋራው አንቲጂን መሆኑን አሳዩ።

ከመለየት ወደ ክትባት የተደረገው ሽግግር ተስፋ ሰጪ ነበር። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1990 ግሉታታዮን ኤስ ትራንስፈሬዝ በተባለ የትሉ ኢንዛይም የተከተቡ በጎች ውስጥ የትሉ ቁጥር በ57 በመቶ ቀነሰ፤ የዳልተን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለተኛውን የካቴፕሲን ኤል ዓይነት ከትሉ ሄሞግሎቢን ጋር አጣምሮ በከብቶች ላይ ሲሞክር ቅነሳው 72.4 በመቶ ደረሰ። ያም ሆኖ በላቦራቶሪ የተገኘው ውጤት በየሙከራው እኩል ሊደገም ባለመቻሉ፣ እስካሁን ለገበያ የበቃ የጉበት ትል ክትባት የለም።

ሒሳቡና ካርታው (እ.ኤ.አ. 1979–1998)

በእነዚያው ዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራው ሥራ ሌላ ዓይነት ነበር፤ ይኸውም በሽታው ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያሳጣና የት እንደሚገኝ ማሳየት። እ.ኤ.አ. በ1979 የቀረበ ግምት በከብት ጉበት ትል ምክንያት አገሪቱ በዓመት 350 ሚሊዮን ብር እንደምታጣ አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1993 ንጋቴጊዜ፣ በቀለና ጥላሁን ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በደጋው በግ ላይ ብቻ አተኩሮ የዓመቱን ኪሳራ 48.4 ሚሊዮን ብር ገመተ፤ ከዚህም ውስጥ 46.5 በመቶው በሞት፣ 48.8 በመቶው በክብደትና በመራባት መቀነስ፣ 4.7 በመቶው ብቻ ከቄራ በሚጣል ጉበት የሚደርስ መሆኑን አሰላ። ይህ የመጨረሻው አኃዝ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል፤ በቄራ የሚታየው፣ የሚመዘገበውና ቁጣ የሚያስነሣው የጉበት መጣል ከጠቅላላው ጉዳት ከሃያ አንዱን እጅ እንኳ ሳይሞላ፣ ከዘጠና አምስት በመቶ በላይ የሚሆነው ኪሳራ ማንም ሳይመረምረው በየግጦሹ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ይልማ ጆብሬ ከአሜሪካዊው ጆን ማሎን ጋር ያሳተመው ጥናት ደግሞ የአየር ንብረትና የእርጥበት መረጃን በኮምፒውተር ካርታ ላይ በማቀናጀት የበሽታውን ሥርጭት ለመተንበይ ሞከረ። የደጋው ዝርያ እድገት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ የቆላው ደግሞ ከ16 ዲግሪ በታች እንደማይራመድ መነሻ ተደርጎ በተሠራው በዚህ ካርታ፣ ሄፓቲካ ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ጂጋንቲካ ከ1,200 ሜትር በታች፣ ሁለቱ ተቀላቅለው ደግሞ በመካከሉ እንደሚገኙ ታየ። በምዕራብ ሸዋ ላይ ሲነበብ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሆለታ፣ ጊንጪና አምቦ በሄፓቲካ አገር ሲያርፉ ባኮ ግን ሁለቱ ዝርያዎች በሚገናኙበት ወለል ላይ ትገኛለች። ሄፓቲካ ብቻ ባለበት አገር የተፈተነ ምርመራ በእንዲህ ያለ ቦታ በሁለቱም ዝርያዎች ላይ እኩል መሥራቱ በዚያው ቦታ ከብት መረጋገጥ አለበት።

በእበት ውስጥ የተገኘው አንቲጂን (እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ)

በደም የሚደረገው ምርመራ አንድ ድክመት ነበረበት፤ አንቲቦዲው እንስሳው ታክሞ ከዳነ በኋላም ለወራት በደሙ ውስጥ ስለሚቆይ፣ በሽታው ያለፈ ይሁን ያለ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2004 በስፔን የጋሊሲያ ተመራማሪዎች ኤምኤም3 የተባለ አንድ ወጥ አንቲቦዲ አዘጋጅተው ትሉ ወደ አንጀት የሚለቀውን አንቲጂን በቀጥታ ከእበት ለመያዝ ቻሉ፤ ኋላ እንደተረጋገጠው ይህ አንቲቦዲ የሚይዘው ያንኑ ካቴፕሲን ኤልን ነው። ምርመራው እንቁላል ከመታየቱ በፊት ትሉን ያሳያል፤ መድኃኒት ትሉን ከገደለ ደግሞ አንቲጂኑ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከእበቱ ይጠፋል። ይህ ሁለተኛው ጥቅም ከመጀመሪያው አያንስም፤ ወጣቱን ትል ጭምር የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1995 አውስትራሊያ ውስጥ መላመድ እንደገጠመው ከተዘገበ ወዲህ፣ መድኃኒቱ መሥራቱን በሳምንታት ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ ማስፈለጉ አያጠያይቅም። በኢትዮጵያ ገጠር በብዛት የሚታደለው አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ስለሆነ፣ እንስሳው የተያዘበትን ጊዜ የሚያሳይ ምርመራ እዚህ ከዚያም በላይ ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝና በዌልስ የተደረገ ጥናት ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አመጣ፤ የጉበት ትል ያለባቸው የወተት ላሞች የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሲደረግላቸው በሽታው እያለባቸው ነጻ መስለው ሊታዩ እንደሚችሉ አሳየ። ትሉ የእንስሳውን መከላከያ አቅጣጫ ስለሚያስቀይር፣ በዚያው መከላከያ ምላሽ ላይ የተመሠረተው የነቀርሳ ምርመራ ይዳከማል። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች የከብት ነቀርሳ ከአገር ዝርያው ይልቅ በፍሪዥያን ላሞች ላይ እንደሚበዛ ያሳዩ በመሆናቸው፣ ይህ ግኝት የተዳቀለ ላም ለሚያረባው ለሆለታና ለአምቦ ዙሪያ ወተት አምራች ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ከሦስት ዓመት በኋላ የሄፓቲካ ሙሉ የዘር ካርታ ታተመ፤ መጠኑ ወደ 1.3 ቢሊዮን ፊደላት የሚጠጋ በመሆኑ ከጥገኛ ተውሳኮች ሁሉ ትልልቆቹ ተርታ የሚመደብ ሲሆን፣ አዳዲስ አንቲጂኖችን ትሉን ሳይፈጩ ከኮምፒውተር ለመምረጥ አስቻለ።

በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው የአምቦ ተቋም በዚህ መካከል ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ በጉደር ማሞ መዘምር ካምፓስ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል። የአምቦ ማዘጋጃ ቤት ቄራ የጉበት ትል ሥርጭት በተደጋጋሚ የተጠናበት ቦታ ሲሆን፣ የጥናቶቹ አካሄድ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ ከብቶቹ ከመታረዳቸው በፊት እበታቸው ይመረመራል፣ ከታረዱ በኋላ ጉበታቸው ይሰነጠቃል፣ የተገኘው ትል በመጠኑና በቅርጹ ይለያል፣ የተጣለው ጉበት ዋጋ ይሰላል። በጉበት የተገኘው በእበት ከተገኘው እየበለጠ መምጣቱ የእንቁላል ምርመራ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ በቂ ምስክር ነው። ይህን ከቀደመው ዘመን በተወረሰ መሣሪያ ደግሞ ደጋግሞ ማረጋገጥ ግን ከዚህ በኋላ ብዙ አዲስ ዕውቀት አይጨምርም።

ለቀጣዩ ሥራ የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ከሞላ ጎደል በእጅ አለ። ከአምቦ ቄራ የሚጣለው ጉበት በሕይወት ያለ ትል ይዟል፤ ከዚያው ከብት ደምና እበት በአንድ ማለዳ መውሰድ ይቻላል፤ ጉበቱ ስለሚታይ የትኛው ደም የታመመ፣ የትኛው የጤነኛ እንደሆነ በእርግጠኝነት ይታወቃል፤ በባኮ በኩል ደግሞ ሁለቱ ዝርያዎች ይገናኛሉ። የጄል መሣሪያ፣ የኤላይዛ ማንበቢያና የደም ናሙና የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ በሰበታው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ስለሚገኙ፣ የጎደለው ጉደርን፣ ሰበታንና አዲስ አበባን በአንድ የጥናት ዕቅድ የሚያስተሳስር ውሳኔና ለጥቂት ዓመታት የሚዘልቅ በጀት ነው። የምዕራብ ሸዋን ትሎች አንቲጂን በምዕራብ ሸዋ ከብት ደም መፈተንና ከውጭ የሚመጣው የእበት ምርመራ በሁለቱም ዝርያዎች ላይ መሥራቱን ማረጋገጥ ከዩኒቨርሲቲውና ከክልሉ የእንስሳት ሀብት መሥሪያ ቤት የሚጠበቅ ሥራ ነው፤ የሚጀመረውም ነገ ጠዋት ከቄራው የሚወጣውን ጉበት ከመጣል ይልቅ ወደ ላቦራቶሪ በመውሰድ ነው።